የቀረ ተማሪ ይጠራል

እናቴ የደወለችልኝ በጳጉሜን ነው። የአንደኛ ዓመት ትምህርታችን ወደ ክረምቱ ስለገፋ ገና ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ከመኝታ ክፍላችን ደጅ ካለው ቧንቧ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፌ ስልኩ ጠራ።

«መዲና፣ መምህርት ሀሊማ አረፉ» አለችኝ።

ጥቂት ቀን ታመው ቤታቸው ውስጥ እንዳረፉና በማግሥቱ እንደተቀበሩ ነገረችኝ። እኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«እንግዲህ ዘንድሮ ወላጆቹን ማን ሊያወጣቸው ነው?» አለች በመጨረሻ። «ያችንስ ልጅ ማን ሊያስባት ነው?»

የትኛዋን ልጅ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ስለ መምህርት ሀሊማ ስጽፍ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትንና ሰው የነገረኝን ለያይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። የማይለይልኝ ቦታ ሲገጥመኝ አልለየልኝም እላለሁ። እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩን እንዲህ ነው። «ያላየኸውን አየሁ አትበል፤ ያየኸውንም አላየሁም አትበል» ይሉን ነበር።

እኛ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው የምንኖረው። አያቶቼ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት ነው። መንደሩ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ ለመማር የቀርከሃውን ጫካ አቋርጦ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ነው። መምህርት ሀሊማ በዚያ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርትና የሰባተኛ ክፍል ስም ጠሪ ነበሩ።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ሲዘንብ ግን ብዙ ጊዜ መዘርጋቱን ይረሱታል። የአካባቢው ተወላጅ በርታ ስለሆኑ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አንዲት ፊደል አይስቱም። ሲናገሩ ግን ሴቱም ወንዱም፣ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፤ ስለ ሴት ሲያወሩም «መጣ»፣ «ሄደ» ነው የሚሉት። ርዕሰ መምህሩንም፣ እናቴንም፣ የመምህራን ክፍሏን ድመትም «አንተ» ይሉ ነበር። የእኛ መንደር ሽማግሌዎች መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር አሉ። በኋላ ግን «መምህርት አንቱ ያሉህ ቀን ተጣልተውሃል ማለት ነው» እስከ መባል ተደረሰ።

ሌላው መምህር ክረምቱን አገሩ ገብቶ በመስከረም ይመለሳል። እሳቸው ግን ነሐሴ ሲጋመስ ሰባተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ ይዞሩ ነበር። «ትምህርት ቤት የሚከፈተው መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው» ይላሉ። ገብተው ሰላምታ ሰጥተው እንደጨረሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ልጁ የሚተኛው የት ነው?» ያሳዩዋቸዋል። እዚያው መደቡ ላይ ይቀመጡና ልጁን ወደ ውጭ ይልኩታል።

«አሁን ልጁ ሄዷል በሉ» ይላሉ ቤተሰቡን። «ዝም በሉና ቤቱን ስሙት።»

ቤተሰቡ ይስቃል፣ ከዚያ ያፍራል፣ ከዚያ የእውነቱን ዝም ይላል። እሳቸው ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደ አንድ ጥግ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ የሚጠብቁት ድምፅ ያለ ነው የሚመስለው። ቆይተው «ይሄን ልመዱት፤ ካልለመዳችሁት ልጁን ከመንገድ ትመልሱታላችሁ» ብለው ይነሳሉ። ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዋን መቀመጥ ተወች። ምን ሰማሽ ሲሏት «ምንም» ትላለች። «ምንም ነው የሰማሁት፤ እሱ አይበቃም?»

ባሏ ጋሽ ይመር ደግሞ ቀልደኛ ነው። መምህርት ወላጆችን ጥያቄ ሊጠይቁ ሲዘጋጁ፣ «መምህርት፣ እኔ ትምህርት ያቋረጥሁት ከሦስተኛ ነው። በአንዴ ሰባተኛ አዘለሉኝ እንዴ?» አላቸው።

«ካለፍክ» አሉት። «ልጅህ ወደ ትምህርት ቤት ከማን ጋር ይሄዳል?»

«ከልጆቹ ጋር ነዋ።»

«ከየትኛው ልጅ?»

ጋሽ ይመር ሚስቱን አየ።

«ወንዙ ከሞላ የት ይጠለላል? ማታ ባይመጣ መጀመሪያ የማንን ደጅ ታንኳኳለህ?»

«እሱን እንግዲህ አላህ ያውቃል።»

«አላህ ያውቃል። አንተ ግን ወደቅህ» አሉት ሳይስቁ። በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው እንደገና ጠየቁት፤ ያን ጊዜ አለፈ።

ከዚህ ሁሉ ለየት ያለው የጳጉሜኑ ጉዞ ነበር። ልጆቹ ቤት ይቆያሉ፤ መንገዱን የሚሄዱት ወላጆች ናቸው፤ ያውም ልጆቹ በሚሄዱበት ሰዓት፣ በማለዳ፣ ጉሙ ከቀርከሃው ሳይነሳ። እኔ ሰባተኛ ልገባ በነበረበት ዓመት አባቴ ማሽላውን ሊያርም ስለወጣ የሄደችው እናቴ ናት። የሚቀጥለውን የነገረችኝ እሷ ናት።

ቀርከሃ አብቦ ይሞታል። በዚያ ዓመት ጫካው ግማሹ አብቦ ደርቆ ነበር። ነፋስ ሲመጣ የደረቀው ቀርከሃ እርስ በርሱ ይፋተግና ያረጀ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ወላጆቹ ጫካው መሀል ሲደርሱ መምህርት ቆሙና ስም መጥራት ጀመሩ። ወረቀት አልያዙም። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ይጠራሉ፣ ወላጁ በልጁ ፋንታ «አቤት» ይላል። የእኔ ስም ተጠራ፤ እናቴ «አቤት» አለች። ስሞቹ አለቁ። ከዚያ መምህርት ፊታቸውን ከሰዎቹ ወደ ጫካው አዞሩና «ሀዋ» አሉ።

ከዚህ ቀደም ልጅ ያስገቡት ወላጆች ነገሩን ስለሚያውቁ አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልመለሰም። መምህርት ጠበቁ። ቀርከሃው ብቻ ሲንቋቋ ቆየ።

ያን ጊዜ እናቴ «አቤት» አለች።

መምህርት ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «አንተ የማን እናት ነህ?»

«የመዲና።»

«ኸላስ» አሉ፤ በቃ እንደማለት ነው። ጃንጥላቸውን አንስተውም መንገዱን ቀጠሉ። ሲመለሱ ግን ከእናቴ አጠገብ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

አባቴ ይህን የሰማው ከእሷ ሳይሆን ከጋሽ ይመር ነው። ማሽላ እርሻው ውስጥ ተነገረው፤ መኮትኮቻውን እንደያዘ መጣ።

«ጫካ ውስጥ ለተጠራ ስም አቤት እንደማይባል አታውቂም?» አላት። «ያንችን ስም እንኳ ቢሆን ሦስቴ ሳይጠራ አይመለስም። አንች ጭራሽ የሌላ ሰው ስም ለብሰሽ መጣሽ።»

«ዝም ተባለ እኮ» አለች እናቴ። «በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተጠርታ ማንም ሳይመልስላት ሲቀር፣ ልጅቱ የምታፍር መሰለኝ።»

«የቷ ልጅ?»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

«በቃ» አለ አባቴ። «መዲና በዚያ መንገድ አትሄድም። ስድስተኛም ለሰው ልጅ ብዙ ነው።»

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴን ይዤ ስመጣ መንደሩን ያዞረኝ እሱ ነው። ስለዚህ ነው የፈራሁት፤ ክፉ ሰው ይለመናል፣ የፈራ ሰው ግን አይለመንም። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። ደብተሮቼን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከራስጌዬ አስቀምጬ ነበር፤ እነሱን ማየት ስላስጠላኝ ከአልጋ ሥር ከተትኳቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት መምህርት ሀሊማ መጡ። አባቴ ማንጎው ሥር የሚቀመጡበት ዱካ አቀረበላቸው፤ እናቴ የተቀቀለ በቆሎ በሰፌድ አመጣች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ራሴ ነኝ የሰማሁት።

«መምህርት፣ በከንቱ ደከሙ» አለ አባቴ። «ልጅቱ ቀርታለች።»

«አቡ መዲና፣ ስንት ልጅ አለህ?»

«ያለችኝ አንዷ እሷው ናት።»

«እናቱ ግን ሁለት አለው» አሉ መምህርት፣ እንደ ተራ ነገር።

አባቴ እጁ ላይ የነበረውን በቆሎ መልሶ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠ። «እኔስ የፈራሁት ይኸን አይደል? አንቱ ሸሽገው ይናገራሉ ብል፣ ጭራሽ ፊት ለፊት ነገሩኝ።»

«መሸሸግ አልችልም። ቁጭ በል፣ ልንገርህ።»

ነገሩት። እዚህ ትምህርት ቤት ባስተማሩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት የለም፤ የመጣ ተማሪ ሣር ያጭዳል፣ ክፍል ይጠርጋል፣ ይመለሳል። ተማሪው እስኪሟላ ስም አይጠራም። ሀዋ ከወንዙ ወዲህ፣ በእኛው በኩል ካለ የበርታ መንደር ነበረች። ትምህርት በተከፈተ ቀን በማለዳ ከቤቷ ወጣች። ያን ቀን ዝናቡ ብዙ ነበር። ቤተሰቦቿ «ወንዙ ከሞላ አሶሳ አክስትሽ ጋ እደሪ» ብለዋት ስለነበር፣ ሳትመለስ ስትቀር አክስቷ ቤት ናት ብለው አልተጨነቁም። ትምህርት ቤት ደግሞ የሚያውቃት አልነበረም።

«በሁለተኛው ሳምንት ስም ጠራሁ» አሉ መምህርት። «ሀዋ አልኩ። ዝም። የቀረ ብዬ አለፍኩ። በገበያ ቀን እናቱ መጣ። የታጠበ ቀሚስ አጣጥፎ ይዟል። ለሀዋ ስጥልኝ አለኝ።»

ሰፌዱ ላይ ዝንብ ያርፍ ነበር፤ ማንም አላባረረውም።

«ፈለግን። ወንዙን፣ ጫካውን። ጫማ እንኳ አልተገኘም። እናቱ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ሄደ፣ አልተመለሰም።»

«አላህ ይማራት» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ሞተ ማን አለ?» አሉ መምህርት። «ሞተ የሚል ሰው ያየ ነው። እኔ አላየሁም። እኔ የጻፍኩት የቀረ ብዬ ነው። የቀረ ተማሪ ይጠራል። እስኪመጣ ይጠራል። ብዙ ዓመት ጠራሁ፤ አቤት ያለው የአንተ ቤት ብቻ ነው።»

አባቴ ተነሳና ማንጎውን ተደገፈ። ሲያስብ እንዲህ ያደርጋል።

«እኔ አንጀት የለኝም አይበሉኝ» አለ። «የሰው ልጅ ናት፣ ያሳዝናል። ግን መምህርት፣ ያ ስም በልጄ ጎን እየተጠራ ልጄን በዚያ ጫካ አላሳልፍም። ስሙን ይተዉት፣ ልጄን ልስጥዎ።»

እናቴ ከበሩ «ኧረ አንተ ሰውዬ» አለች። አልሰማትም።

መምህርት ሀሊማ ሲያስተምሩ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን የሚጠብቁበት አንድ አቀማመጥ ነበራቸው፤ አንገታቸውን ወደ ጎን ያዘነብላሉ፣ ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል። ያን ቀን እንደዚያ ሆነው ተቀመጡ። በዚያ ዝምታ ውስጥ በሕይወቴ ያለኝ ነገር ሁሉ በሳቸው አፍ ላይ የቆመ መሰለኝ። አንዴ ወደ እኔ አዩ። ቀጥሎ ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት፣ ያንኑ ያህል ጊዜ አዩ።

«አልጠራም» አሉ።

«ወላሂ ይበሉኝ።»

«ወላሂ።»

በቆሎውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባስተማሩኝ ሁለት ዓመታት ያን ስም ከአፋቸው አልሰማሁም። ቃላቸውን እንደጠበቁ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

ትምህርት በተከፈተ ቀን አባቴ ራሱ አደረሰኝ። ከኋላዬ ይሄድ ነበር። ጫካው ጋ ስንደርስ «ወደ ኋላ አትይ፤ የጠራሽ ካለም አትመልሽ» አለኝ። ጉሙ እስከ ወገባችን ነበር። ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ስንሻገር የአባቴ ዱላ ድንጋዩን ሲመታ እሰማለሁ፤ ከዱላው ቀጥሎም የእግር ድምፅ እሰማለሁ። የአባቴ እግር ነው ብዬ ነው ያለፍኩት፤ አሁንም የእሱ ነው የምለው።

ግቢው ገና ሣር ነበር። ካፊያ ይጥላል። ሌሎቹ ተማሪዎች ማጭድ ለመቀበል ሲሄዱ መምህርት ሀሊማ ሰባተኛ ክፍልን ለብቻ አሰለፉ። አንድ ወጣት መምህር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «መምህርት፣ ሣሩ እንኳ አልታጨደም። ከአሁኑ ማንን ሊጠሩ ነው?» አላቸው።

«ሣሩ አይጠፋም» አሉት።

ስም ጠሩ። አሁንም ወረቀት የላቸውም። አባቴ ከግቢው ውጭ የቀርከሃውን አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ ሊያዳምጥ ነው የቀረው። ስሜ ሲጠራ «አቤት» አልኩ፣ ድምፄ ወጣ። ስሞቹ እየተከተሉ ሄዱና አለቁ።

መምህርት ግን አላሰናበቱንም። ከንፈራቸውን ገጥመው ቆሙ። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል አለ። ቆርቆሮው ላይ ካፊያው ይሰማል። ትንንሾቹ ልጆች መተያየት ጀመሩ። ምንም አልጠሩም፣ ይህን አረጋግጣለሁ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ፣ ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

ከኋላ፣ ከበሩ በኩል፣ «አቤት» የሚል ሰማሁ።

ጮክ ያለ አልነበረም። ሮጦ የመጣ ሰው፣ ትንፋሹ ሳይሰበሰብ የሚሰጠው ዓይነት መልስ ነበር። የሴት ልጅ ድምፅ ነው የመሰለኝ። ሰልፍ ላይ ዞሮ ማየት ስለማይፈቀድ አልዞርኩም። ከክፍሌ ልጆች አንዳንዶቹ ምንም አልሰማንም ይላሉ፤ አንዲቱ ልጅ ደግሞ ሰምታለች፣ ግን ስለዚያ ማውራት አትወድም። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።

መምህርት ሀሊማ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፊታቸውን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ የደስታም የድንጋጤም አልነበረም። በጣም ደክሞት የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር።

«ዘገየህ» አሉ ቀስ ብለው። «ግባ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ማንም አላዘዘንም። የዘገየ ልጅ ሲመጣ ቦታ እንደሚለቀቅለት፣ ፊቴ የነበሩት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፣ እኔም አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። መሀላችን ባዶ ሆነ። መምህርት ያን ባዶ ቦታ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «አሁን ሣር ማጨድ ይቻላል» አሉን።

ወደ አጥሩ ሳይ አባቴ የለም።

ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ስመለስ ቤት ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላም አልኩት፤ ፊቴን ዳብሶ አስገባኝ። ደብተሮቼን ሳስቀምጥ እናቴ ከውጭ ስትጠይቀው እሰማለሁ።

«ጠሩ?»

«አልጠሩም። ቃላቸውን ጠብቀዋል።»

«እና ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

ነገ ይከለክለኝ ይሆናል ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ነገ በማለዳ ቀስቅሻት» አላት። «ምሳዋን ስትቋጥሪ ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጊበት።»

እናቴ ለማን ብላ አልጠየቀችውም።